ለአንድ ልጅ አንድ ፋይል፦ የ22 ኪው 11.2 የክሮሞዞም ጉድለት ምልክቶችን ማስተዋልና መመዝገብ

መጀመሪያ አንድ ቦክስ ፋይል ግዙ። ውድ መሆን የለበትም፤ ጀርባው ጠንካራ፣ ማያያዣው የማይላላ ይሁን። ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ይገኛል። ጀርባው ላይ የልጁን ስም እስከ አያት፣ ከሥሩም የተወለደበትን ቀን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ጻፉ። ሁለቱንም ያልኩት በምክንያት ነው። ከጤና ጣቢያ የወጣው ወረቀት ጥቅምት 2011 ሲል ከሆስፒታል የወጣው ኦክቶበር 2018 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ከማለዳ ጀምሮ ሲያክም የዋለ ተረኛ ሐኪም ግን ቆሞ እንዲያሰላ መጠበቅ ደግ አይደለም።

እኔ አራት ኪሎ አጠገብ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገብ፣ ማኅደር መክፈት፣ ጠፋ የተባለውን ከመደርደሪያ ጀርባ ፈልጎ ማውጣት እንጀራዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የምጽፈውም የሐኪምን ቃል አይተካም። ሴት ልጄ ግን ከ22ኛው ክሮሞዞሟ ላይ ትንሽ ቁራጭ ጎድሎባት ነው የተወለደችው። የዚህ ጉድለት ምልክቶች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰው ፊት አይሰበሰቡም። የልቧን ድምፅ የልብ ሐኪም ይሰማል፤ ወተት በአፍንጫዋ መውጣቱን አያቷ ታያለች፤ እጇ ደርቆ ሲገተር የድንገተኛ ክፍል ነርስ ትደርሳለች፤ ሒሳብ እምቢ እንዳላት አስተማሪዋ ታውቃለች። እያንዳንዱ የያዘው ወረቀት ትክክል ነው፤ ወረቀቶቹ ግን አይተዋወቁም። ማስተዋወቅ የወላጅ ሥራ ነው።

የጎደለው ምንድን ነው?

ሰው በእያንዳንዱ ሴሉ ውስጥ 23 ጥንድ ክሮሞዞም አለው። በዚህ ችግር ከ22ኛው ጥንድ በአንደኛው ቅጂ፣ ኪው በሚባለው ረጅሙ ክንድ ላይ፣ 11.2 በሚባለው ስፍራ ቁራጭ ይጎድላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው 3 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደል ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል እንጂ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ቅንጣት ነው። በውስጡ ከ30 በላይ ጂኖች አሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ ቲቢኤክስ 1 የሚባለው፣ ፅንሱ ገና የጥቂት ሳምንታት ሳለ ከልብ የሚወጡት ትልልቅ የደም ሥሮች፣ ላንቃው፣ ደረት ውስጥ ያለው ታይመስ የተባለ እጢና ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ፓራታይሮይድ እጢዎች ሲሠሩ ትልቅ ድርሻ አለው። ልብና ድምፅ፣ መንቀጥቀጥና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን አንዱ ከሌላው የማይገናኝ እየመሰለ በአንድ ልጅ ላይ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በግምት ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ይህ ጉድለት አለበት። ከአሥሩ በዘጠኙ ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም አልመጣም፤ የዘር ሕዋስ ሲሠራ በአጋጣሚ የተፈጠረ ነው። ይህችን ዐረፍተ ነገር ለዘመድ ጉባኤ አዘጋጅታችሁ አስቀምጧት፤ «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን በልተሽ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። የበላችው፣ ያየችው ወይም ያነሳችው ዕቃ ያመጣው ነገር የለም።

ስሙን በተመለከተ፣ የሙያ ልማዴ ሆኖ ደስ የሚለኝ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1955 ሴድላችኮቫ የተባሉ የፕራግ የድምፅ ሐኪም በአፍንጫ የሚናገሩ ሕፃናትን ገለጹ። በ1965 አሜሪካዊው ዲጆርጅ ታይመስና ፓራታይሮይድ የሌላቸውን ሕፃናት ገለጹ። በ1970ዎቹ ጃፓኖች የልብና የፊት ምልክቶችን አንድ ላይ ጻፉ፤ በ1978 ደግሞ ሽፕሪንትዘን ላንቃን፣ ልብንና የትምህርት ችግርን አያያዙ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክሮሞዞሙ በቅርብ ሲታይ ከአብዛኞቹ ሕሙማን የጎደለው ያው ቁራጭ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጉዳይ በአራት መዝገብ ቤት በአራት ቁጥር ተከፍቶ ኖሯል ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ወረቀታችሁ «ዲጆርጅ ሲንድረም»፣ ሌላው «ቬሎካርዲዮፌሻል ሲንድረም» ቢል ሁለት በሽታ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ፋይሉ ላይ ሁለቱንም ስም ጻፉ።

ጡት፣ አፍንጫና እንጥል

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የሚታየው ጡት ላይ ነው። ልጁ ይጠባል፣ ትን ይለዋል፣ ወተቱ በአፍንጫው ተመልሶ ይወጣል። ለመጥባት ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ ይደክመዋል፣ ክብደቱ አይጨምርም። አልፎ አልፎ ትን ማለት በማንኛውም ሕፃን ላይ ያለ ነው፤ በየጊዜው በአፍንጫ መውጣቱ ግን መመዝገብ አለበት። ምክንያቱ ሊሆን የሚችለው የላንቃው የኋላ ክፍል ማጠር ወይም በደንብ አለመዝጋት ነው። ከንፈረ ሰንጣቃ ወይም በግልጽ የተሰነጠቀ ላንቃ ያለባቸው ጥቂቶች ናቸው። በአብዛኞቹ ላይ ላንቃው ከላይ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ከሽፋኑ ሥር ጡንቻው አልተገናኘም ወይም አይሠራም። ለዚህ ነው ሲወለድ አፉ ታይቶ «ደህና ነው» የሚባለው።

ልጁ አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ ወይም ሲያዛጋ በስልክ መብራት እንጥሉን ተመልከቱ። ጫፉ እንደ እባብ ምላስ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ጻፉት፤ ከተቻለም ፎቶ አንሱት። በጣት አትንኩት።

አሁን ግልጹን ልናገር። በአገራችን ልጅ ትን ሲለው ወይም ሲያስመልሰው «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ ቆራጭ መውሰድ ዛሬም አልቀረም፤ መሀል አዲስ አበባም ቢሆን። አንዲት ጎረቤታችን ቆራጩን እቤታችን ድረስ ላምጣላችሁ ብላ ነበር፤ በደግነት ነው ያለችው፤ ባለቤቴም በደግነት ቡና አጠጥታ ሸኘቻት። እንጥል መቁረጥ ለማንም ሕፃን አደገኛ ነው፤ ይደማል፣ ይመረቅዛል። ላንቃው አስቀድሞ ያልበቃው፣ ኢንፌክሽን የመከላከል አቅሙም የደከመ ሊሆን የሚችል ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። በዘመናዊ ሕክምናም ቢሆን ከአፍንጫ ጀርባ ያለውን አዴኖይድ የተባለ ሥጋ ለማውጣት ሲታሰብ ይህ ጉድለት እንዳለ ወይም እንደተጠረጠረ ለቀዶ ሐኪሙ መነገር አለበት። ያ ሥጋ ያጠረውን ላንቃ እየደገፈ የአፍንጫውን መንገድ ሲዘጋ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ሲወጣ ንግግሩ ይብሳል። በአንዳንዶቹ ላይ ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ የአንገት ደም ሥር ወደ ጉሮሮው መሀል የቀረበ ስለሚሆን ጉሮሮ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ቦታው በምስል ሊታይ ይገባል።

ልጁ መናገር ሲጀምር ደግሞ አንድ የእጅ መስታወት አዘጋጁ። አብዛኞቹ ልጆች ቃል የሚያወጡት ዘግይተው ነው፤ ሲያወጡም ድምፁ በአፍንጫ ይመጣል። «በ» እና «ደ»ን ለማለት አፍ ውስጥ አየር መታፈን አለበት፤ ላንቃው ካልዘጋ አየሩ በአፍንጫ ያመልጥና «በ» «መ»ን፣ «ደ» ደግሞ «ነ»ን ይመስላል። ልጄ ዳቦ ስትጠይቅ «ናሞ» ነበር የምትለው። አያቷ ይህን እንደ ቁልምጫ ወስዳ ቤቱን ሙሉ ናሞ አስባለችው፤ እኔ ግን ቀኑን ጽፌ ወረቀቱ ውስጥ አስገባሁት። መስታወቱን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ከልጁ አፍንጫ ሥር አግድም ያዙና «ዳቦ፣ ዳቦ፣ ዳቦ» በል በሉት። መስታወቱ በጉም ከተሸፈነ አየር በአፍንጫ እያመለጠ ነው። «እማማ» በል ብላችሁ አትሞክሩ፤ «መ» በማንም ሰው አፍንጫ ስለሚወጣ የሁላችንንም መስታወት ያጨልማል። ሙከራው በሽታን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን «አነጋገሩ ትንሽ ይከብዳል» ከማለት ይልቅ «ዳቦ ሲል መስታወቱ ይጨልማል» ብሎ ለሐኪም መናገር ሌላ ክብደት አለው። በስልክ የተቀዳ የግማሽ ደቂቃ ንግግርም አስቀምጡ። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል የከንፈርና የላንቃ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ ነው፤ ጥያቄውን እዚያ ይዞ መሄድ ይቻላል።

እጅ ሲደርቅ፦ የካልሲየም ነገር

ይህ ችግር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሆነ ዕድሜያቸው የደም ካልሲየም ይወርድባቸዋል። በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ይታያል፤ ከዚያ ተሽሎ ለዓመታት ሊጠፋ ይችላል። እንደገና የሚመጣው ሰውነት ሲጨነቅ ነው፦ በቀዶ ሕክምና፣ በከባድ ኢንፌክሽን፣ በጉርምስና፣ በእርግዝና ጊዜ።

በሕፃን ላይ የሚታየው መንቀጥቀጥ፣ መገተር፣ ያለ ምክንያት መበርገግ፣ ጡት መተው ነው። በትልቅ ልጅ ላይ ከንፈር ዙሪያ መደንዘዝ፣ ጣት ላይ መውረር፣ እግር መሸማቀቅ ይሆናል። እጅ ሲደርቅ መልኩ የተለየ ነው፤ አንጓው ይታጠፋል፣ ጣቶቹ ተገትረው ይጠጋጋሉ፣ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይገባል። የደም ግፊት መለኪያው ክንድ ላይ ሲጠብቅ እጁ እንዲህ ከሆነ ለነርሷ ወዲያው ንገሯት፤ ሐኪሞች የሚያውቁት ምልክት ነው።

ሕፃን ሲንቀጠቀጥ በየቤቱ የሚሰጠውን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። ፀሐይ አላሞቃችሁትም ይላሉ። ሰው አይቶት ነው ይላሉ። ክብሪት ለኩሰው ጭሱን ያሸትቱታል። ፀሐይ ማሞቅ በራሱ መልካም ነው፤ ፓራታይሮይድ እጢው ካልሠራ ግን ካልሲየሙ በፀሐይ ብቻ አይመለስም። ጸበሉን አልከለክልም፤ እኛም ወስደናታል፤ ደሟ ከተለካ በኋላ። የክብሪቱን ጭስ ግን እከለክላለሁ። ልጁን በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ ሰዓት ተመልከቱ፣ አንድ ሰው በስልክ ይቅረጽ፣ ከዚያ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እዚያ «ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙና የፓራታይሮይድ ሆርሞኑ ይለካልን» በሉ። ትኩሳት የሌለው ሕፃን ሲንቀጠቀጥ የደም ስኳር እንደሚለካ ሁሉ ካልሲየምም መለካት አለበት።

የካልሲየም ኪኒን ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጀምሩ። ሲበዛም ኩላሊት ላይ ጠጠር ይሠራል። የለስላሳ መጠጥ ነገርም አለ፦ ካልሲየማቸው ለሚወርድባቸው ኮላ ነክ መጠጥ እንዲቀነስ ይመከራል። በአዲስ አበባ ልደትና ክርስትና ላይ ይህን ምክር ማስከበር ምን ያህል እንደሚከብድ ለማንም አላስረዳም።

ልብ

ከሦስቱ በሁለቱ ገደማ ሲወለዱ ጀምሮ የልብ ችግር አለባቸው። ሐኪሙ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት፣ ትራንከስ አርቴሪዮሰስ ወይም የተቋረጠ አኦርታ ብሎ ከጻፈ፣ «የ22ኛው ክሮሞዞም ጉድለት ሊኖር ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እነዚህ ችግሮች ከዚህ ጉድለት ጋር በብዛት የሚታዩ ናቸው። በልብ ክፍሎች መሀል ያለ ክፍተትም ይገኛል፤ እርሱ ግን ጉድለቱ በሌለባቸው ልጆችም ብዙ ስለሆነ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

እቤት የሚታየው ሲጠቡ ግንባር ላይ ማላብ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስና መጥቆር ነው። የእኛን ቆዳ በሚመስል ቆዳ ላይ የከንፈር ዳር ያሳስታል፤ ምላሱንና ድዱን በቀን ብርሃን፣ በር ላይ ወጥታችሁ ተመልከቱ። ሮጦ ሮጦ ድንገት ቁጢጥ የሚል ልጅም ለጨዋታ ላይሆን ይችላል፤ ጻፉት። የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኤኮ፣ ችግሩን ይለያል። ከቸርችል ጎዳና ዳር ባለው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የተቋቋመ ማዕከል አለ፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ የሪፈር ወረቀቱ እንደተጻፈ ሂዱ።

ቀዶ ሕክምና ከተቀጠረ ጉድለቱ ባይረጋገጥም ጥርጣሬው እንዳለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ካልሲየሙ በቀዶ ሕክምናው ፊትና ኋላ መታየት አለበት። ደም ከተሰጠም፣ የመከላከል አቅሙ በጣም ለደከመ ልጅ የሚሰጠው ደም በጨረር የታከመ መሆን ስላለበት፣ የቀዶ ሕክምናው ባለሙያዎች ቀድመው ሊዘጋጁ ይገባል።

ልቡ ደህና ነው መባሉ ጉድለቱ የለም ማለት አይደለም። የልጄ ልብ ላይ ከልክ ያለፈ ነገር አልተገኘም፤ ቤተሰቡ «በቃ ድናለች» ብሎ ፋይሉን ሊዘጋብኝ ነበር።

የክትባት ካርዱ

ታይመስ የሚባለው እጢ ኢንፌክሽን የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች የሚሠለጥኑበት ነው። በብዙዎቹ ልጆች ላይ ያነሰ ነው፤ ጭራሽ የሌላቸው ከመቶ አንድም አይሞሉም። ምልክቱ የጆሮ ምርቅዝ፣ የሳንባ ምች፣ የማይለቅ የአፍ ውስጥ ነጭ ሽፍታ እየተደጋገመ መምጣቱ ነው። እያንዳንዱን አንቲባዮቲክ ከቀኑ ጋር ጻፉ፤ «ቶሎ ቶሎ ይታመማል» የሚለው ቃል ለሁሉም ልጅ የሚባል ስለሆነ አይረዳም።

ይህን በጥንቃቄ አንብቡት። በአገራችን ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ ሲወለዱ፣ የሮታ ክትባት ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ የኩፍኝ በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣሉ። እነዚህ የተዳከመ ሕይወት ያለው ጀርም የያዙ ክትባቶች ናቸው። ጉድለቱ የተጠረጠረበት ወይም የተረጋገጠበት ልጅ ሕይወት ያላቸውን ክትባቶች ከመውሰዱ በፊት የደም ምርመራ ተደርጎ የሴሎቹ ብዛት መታየት አለበት። ብዙዎቹ ልጆች ምርመራው ጥሩ ሆኖ ክትባቱን ይወስዳሉ። ፔንታቫለንትንና የሳንባ ምች መከላከያውን ከመሳሰሉት ግን ልጁን አታስቀሩት፤ እነርሱ ሕይወት ያለው ጀርም የላቸውም፤ ከማንም በላይ የሚያስፈልጉት ለእርሱ ነው። ይህን አንቀጽ ቆርጦ «ክትባት ይጎዳል» ለማለት የሚጠቀምበት ሰው ካለ ከእኔ አልሰማም።

ፊት፣ እና በአጭሩ ሌላው ሁሉ

መጻሕፍት የፊት ምልክት ይዘረዝራሉ፦ ከላይ የከበደ የዓይን ሽፋን፣ ቀጥ ብሎ ወርዶ ጫፉ የሞላ አፍንጫ፣ ትንንሽና ጠርዛቸው የታጠፈ ጆሮዎች፣ ትንሽ አገጭ፣ ቀጫጭን ረጃጅም ጣቶች። በሥዕሎቹ ላይ ያሉት ልጆች በብዛት አውሮፓውያን ናቸው። በአፍሪካውያን ዘር ልጆች ላይ የፊቱ ምልክት ብዙ ጊዜ እንደዚያ ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ «ፊቱ አይመስልም» ተብሎ ምርመራው ከቀረ በትሕትና ተከራከሩ። አንድ ነገር ግን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል፦ ሲያለቅስ አንደኛው የታችኛው ከንፈር ጫፍ ሳይወርድ ከቀረና ሲስቅ ፊቱ እኩል ከሆነ፣ ሲያለቅስ ቅረጹት። አዎ፣ ያሳዝናል፤ ቅረጹት።

ኩላሊት ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ላይ የአፈጣጠር ችግር ስላለ አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ ይታይ። የመስማት ምርመራ ይደረግ። የጥርስ ልባስ መሳሳት፣ የሆድ ድርቀት፣ ማታ ማታ እግሬን አመመኝ ማለት፣ ቁመት ማጠር፣ በጉርምስና ጊዜ የጀርባ አጥንት መጣመም፣ የታይሮይድ መዛባት ሁሉም ይታያሉ። አንድ ልጅ ሁሉንም አይዝም። ጉድለቱ ያለባቸው ሁለት ወንድማማቾች እንኳ አይመሳሰሉም።

ትምህርት ቤት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ልጅ የሚጎዳው እዚህ ነውና። ልጄ ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በቃሏ ትለዋለች፤ መዝሙር አንዴ ከሰማች አይጠፋትም። ከሱቅ እንቁላል ስትልኳት ግን ከመቶ ብር ምን እንደሚመለስላት አታውቅም፤ ትናንትና ከትናንት ወዲያን ታቀያይራለች። ይህ የስንፍና መልክ አይደለም፤ በዚህ ጉድለት የተለመደ ነው። በቃል የያዙት ይበረታል፤ ሒሳብ፣ ጊዜ፣ ቦታ፣ በቃል ያልተነገረ ነገር መረዳት ይደክማል። አንብቦ የሚጨርሰውን ልጅ «ምን አነበብክ?» ስትሉት ዝም ሊል ይችላል። ትኩረት መበተን፣ ከልክ ያለፈ ፍርሃትና ዓይን አፋርነትም አብረው ይመጣሉ፤ የኦቲዝም ምልክት የሚታይባቸውም አሉ።

ከአስተማሪዋ ጋር ስትነጋገሩ በሽታውን ከማብራራት ሥራውን ጠይቁ። «እትዬ፣ ትእዛዙን አንድ በአንድ ስጧት፤ ከፊት አስቀምጧት፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፉትን በቃልም ይንገሯት» በሉ። ቀድሞ ጆሮዋ ይመርመር፤ የማይሰማ ልጅ የማይገባው ይመስላል። አንድ ትምህርት ቤት «እንዲህ ያለ ልጅ አንቀበልም» ብሎናል፤ መልሱን በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ አልሰጡኝም፤ እኔም ቀኑንና ያነጋገረኝን ሰው የሥራ መደብ መዝግቤ ወጣሁ። የቤት ሥራዋንና የፈተና ወረቀቶቿን አትጣሉ፤ በየዓመቱ ሁለት ሦስቱን ፋይሉ ውስጥ አኑሩ። የንግግርና የትምህርት ባለሙያ ከውጤት ካርዱ ይልቅ ከእነርሱ ያነባል።

ምርመራውን ማስደረግ

ከላይ ካሉት ሁለት ሦስቱ በአንድ ልጅ ላይ ከተገናኙ የሕፃናት ሐኪሙን በቀጥታ ጠይቁ፦ «የ22 ኪው 11.2 ጉድለት እንዲመረመር እንፈልጋለን።» ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። «የክሮሞዞም ምርመራ ተደርጎለት ደህና ነው» ከተባላችሁ የትኛው ምርመራ እንደሆነ ጠይቁ። ካርዮታይፕ የሚባለው ተራው ምርመራ ክሮሞዞሞችን ይቆጥራል፤ ይህን የምታህል ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ አያይም። የሚያዩት ፊሽ፣ ኤምኤልፒኤ ወይም ማይክሮአሬይ የሚባሉት ናቸው። ፊሽ የተለመደውን ጉድለት ይይዛል፤ ከተለመደው ቦታ ውጭ ያለችውን ትንሽ ጉድለት ሊስታት ስለሚችል ማይክሮአሬይ ይሻላል። የእኛ ናሙና በግል ላቦራቶሪ በኩል ወደ ውጭ አገር ተልኮ ነው ውጤቱ የመጣው፤ ገንዘቡ ያማል፤ እቁብ ካላችሁ ዕጣውን አስቀድሙ።

ልጁ ላይ ከተገኘ ወላጆችም ይመርመሩ። ምልክቱ ቀላል ሆኖ ሳያውቀው የኖረ አባት ወይም እናት ይገኛል። ጉድለቱ ያለበት ወላጅ በእያንዳንዱ እርግዝና ለልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ወረቀቱ አያያዝ ላይ ጥብቅ ነኝ። ዋናው ቅጂ ከቤት አይወጣም፤ ለሐኪም ፎቶ ኮፒ ይሰጣል። ኤሲጂ (የልብ ምት ሥዕል) እና የአልትራሳውንድ ሥዕል የሚታተሙበት አንጸባራቂ ወረቀት በሙቀት የሚሠራ ስለሆነ በጥቂት ዓመት ይነጣል፤ በተቀበላችሁበት ቀን ኮፒ አድርጉት፤ ፕላስቲክ ውስጥ አትክተቱት። ከሁሉ ፊት አንድ ገጽ ትሁን፦ ቀን፣ ዕድሜ፣ ያያችሁት ነገር፣ ማን እንዳየው፣ ምን እንደተባለ። ያያችሁትን ስትጽፉ ፍርድ አትስጡ። «የሚጥል በሽታ» ሳይሆን «የሦስት ሳምንት ልጅ ሳለች፣ ከጠባች በኋላ፣ ሁለቱም እጆቿ ደረቁ፣ አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ዓይኗ ክፍት ነበር፣ አንድ ደቂቃ ያህል» ተብሎ ይጻፍ። ሐኪም ይህችን ገጽ አንብቦ ወንበሩን ሲያስጠጋ አይቻለሁ።

ልጁ ሲጎለምስ

ስለዚህ የማያወሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ቀድሞ ማወቅን እመርጣለሁ። ጉድለቱ ካለባቸው አዋቂዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ተመሳሳይ የአእምሮ ሕመም ይይዘዋል። ሦስቱ አይያዙም፤ ፍርሃትና ጭንቀት ግን በብዙዎቹ ላይ አለ። ከ12 ወይም 13 ዓመት ጀምሮ ለውጥን ተከታተሉ፦ ከጓደኛ መሸሽ፣ ንጽሕናን መተው፣ እንቅልፍ መገልበጥ፣ ሰው ሳይኖር ማዳመጥ፣ ቤተሰብን መጠርጠር፣ ውጤት ድንገት መውረድ። ጉርምስና ነው ብሎ ማለፍም፣ መንፈስ ነው ብሎ ማሰርም ጊዜ ያባክናል። የሥነ አእምሮ ሐኪም ዘንድ፣ በአማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ በሌላ፣ ስትቀርቡ የክሮሞዞሙን ውጤት ከሁሉ በፊት ስጡ፤ ካልሲየምና ታይሮይድ እንዲለካ ጠይቁ፤ ሁለቱም ሲዛቡ ጠባይ ይለውጣሉ። መድኃኒት ከታዘዘ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ እንዲጨመር ተነጋገሩ። በተለይ ክሎዛፒን ከሆነ፣ እነዚህ ልጆች ላይ መንቀጥቀጥ የማምጣት ዕድሉ ከሌላው ሰው የበለጠ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ካልሲየሙን እያየ ይቀጥል።